ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? ለማንስ ደረሰ?

የጌዴኦ ገበሬ ሁለት ዓይነት ሚዛን ያውቃል። አንደኛው በቡና ማጠቢያው በር ላይ የተንጠለጠለው ነው። ቀይ እሸት ቡና የሞላው ጆንያ ይሰቀልበታል፣ ኪሎው ይነበባል፣ ሒሳቡ ይከፈላል። ሁለተኛውን ዓይን አያየውም። ቡናው ታጥቦና ደርቆ ናሙናው ዲላ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲደርስ ቀማሾቹ ይቆሉታል፣ ይፈጩታል፣ የፈላ ውሃ ያፈሱበታል፣ ከዚያም በማንኪያ ፉት እያሉ ደረጃውን ይሰጣሉ። ኪሎው ቡናው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ቅምሻው ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ። የይርጋጨፌ ቡና በዓለም ስሙ የገነነው በኪሎው ብዛት አይደለም። ይህን ለመረዳት ከዲላ እስከ ገደብ ድረስ ባለው አቀበት የሚኖር ማንም ሰው ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም።

በዚያው በዲላ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሞያሌ መንገድ ላይ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ የሚያስተምር የአንድ የሥነ ልቦና ወይም የትምህርት መምህር ስም ጎግል ስኮላር ላይ ሲጻፍ ሦስት ቁጥሮች ብቅ ይላሉ፤ ሥራዎቹ በድምሩ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ፣ ኤች ኢንዴክሱ ስንት ነው፣ አይ አሥር ኢንዴክሱ ስንት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ በፌስቡክ ይዘዋወራሉ፣ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ያስከትላሉ። ሁለት የቱርክ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመሩት ኤ ዲ ሳይንቲፊክ ኢንዴክስ የተባለው ዝርዝርም ከዚያው ከጎግል ስኮላር ቁጥር እየለቀመ ሰውን ከሰው፣ ዩኒቨርሲቲን ከዩኒቨርሲቲ ያስቀድማል።

የኪሎ ሚዛን መኖሩ ችግር የለውም። ችግሩ የኪሎውን ሚዛን የቅምሻው ወንበር ላይ ማስቀመጣችን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። የመጠቀስ ቁጥር አንድ ምሁር ሌሎች ምሁራን ዘንድ መሰማቱን ይመሰክራል፤ የሥነ ልቦናና የትምህርት ምሁር ግን የሚሠራው ስለ ሕፃን፣ ስለ መምህር፣ ስለ ተጎዳ ልብ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ዘንድ መድረሱን የሚጠይቅ ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

የመጠቀስ ቆጠራ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1964 ደግሞ የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫውን በፊላደልፊያ ከነበረው ተቋሙ ማሳተም ጀመረ። መነሻው ፍለጋ ነበር። አንድ ተመራማሪ የሚያውቀውን አንድ ጽሑፍ ይዞ፣ ያን ጽሑፍ እነማን ጠቅሰው ወደፊት እንደሄዱ እንዲከታተል ነው የፈለገው። ፈለግ ለመከተል የተሠራ መሣሪያ ሰውን ለመመዘን መዋሉ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ኤች ኢንዴክስን ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2005 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የትምህርት ተመራማሪ አምስት ጽሑፎች አሉት እንበል። አንዱ 40 ጊዜ፣ ሌላው 22፣ ሦስተኛው 9፣ አራተኛው 4፣ አምስተኛው 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት ኤች ኢንዴክሱ 4 ነው። ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱት ሁለት ብቻ ስለሆኑ አይ አሥር ኢንዴክሱ 2 ይሆናል። አሁን ሌላ ሰው እናስብ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሥራ ጻፈ፤ ያ ሥራ 600 ጊዜ ተጠቀሰ። የእርሱ ኤች ኢንዴክስ 1 ነው። ዘሩን ባንድ ጉድጓድ የቀበረ ሰው፣ ፍሬው አገር ቢያጠግብም፣ በዚህ ሒሳብ ከሁሉ በታች ይቀመጣል።

ለዚህ ምሳሌ ከጌዴኦ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ታደሰ ኪጴ ካንሼ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ጥያቄ አድርገው አነሡት። ረጅሙ ዛፍ ከላይ፣ እንሰት ከሥሩ፣ ቡና ከእንሰቱ ጋር የሚኖርበትን እርሻ ከሥሩ እስከ ጫፉ አጠኑት። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያወደሰው ይህንኑ እርሻና ይህንኑ የሕዝብ እውቀት ነበር። እንሰት ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ምርምርም እንደዚያው ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይ እንደ ቡና የሚለቀም አይደለም።

ስማችን የሚጠፋበት ቦታ

ወደ ቁጥሮቹ ትክክለኛነት ስንመጣ ደግሞ የእኛ አገር ምሁር ሌላው የማይገጥመው ችግር አለበት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። የመረጃ ቋቶቹ የተሠሩት ግን የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። አበበ ከበደ የሚባል መምህር በአንዱ ጆርናል «ከበደ አ.» ተብሎ ይገባል፣ በሌላው «አበበ ከ.»፣ የአያቱን ስም የሚጠይቅ ጆርናል ከገጠመው ደግሞ በሦስተኛ ስም። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይቀመጣል፤ የተጠቀሰበትም ቁጥር ለሦስት ይከፈላል። በተቃራኒው «ከበደ አ.» የሚለው ስም ስለ ቡናም ስለ ወባም ስለ ሕግም የጻፉ ስንት ሰዎችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ለተመራማሪ ቋሚ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ኦርኪድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ይህን የመሰለውን ድብልቅልቅ ለማጥራት ነው። መለያውን የማያወጣ መምህር ሥራው ሳይቆጠር ይቀራል።

የሰው ስም ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የአገር ስምም ይጠፋል። ጌዴኦ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በኢ፣ ሌላው በአይ፣ ሌላው ከመካከሉ ሰረዝ ጨምሮ ይጽፈዋል። የቀድሞው ዘመን ጽሑፍ ደግሞ ሕዝቡን የሚያነሣው ሕዝቡ ራሱ ባልመረጠው «ደራሳ» በሚለው ስም ነው። አንድ የዲላ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቀድመው የተሠሩትን ሲፈልግ ትክክለኛውን ስም ብቻ ከጻፈ፣ ያለፈው ዘመን እውቀት ከእርሱ ይሰወራል። ሳያገኘው አይጠቅሰውም፤ ስላልተጠቀሰም ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በአማርኛ የተጻፈ የምክር አገልግሎት መመሪያ፣ በጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ በጌዴኦፋ የተዘጋጀ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ፣ ለመምህራን ሥልጠና የተሰናዳ ሰነድ፣ ዓለም አቀፎቹ ቋቶች ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው፤ ብዙዎቹም ጭራሽ የሉበትም። አንድ የትምህርት ምሁር ሁለት ዓመት ለፍቶ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ የሚጀምሩበትን መጽሐፍ ቢያዘጋጅ በሺዎች የሚቆጠሩ አንባቢዎች ያገኛል። አንዳቸውም ግን የግርጌ ማስታወሻ አይጽፉም። ፊደል የቆጠረው ሕፃን መምህሩን የሚጠቅሰው በማንበቡ ነው።

እኛ መጥቀስን ከፈረንጅ አልተማርንም። በአብነት ትምህርት ቤት የአንድ መምህር ክብር የሚታወቀው በደቀ መዛሙርቱ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው የማን ተማሪ እንደሆነ፣ ቤቱ ዋሸራ ይሁን ዋድላ ወይም ጎንጅ ይጠየቃል። የአንድምታው ትርጓሜም የላይ ቤት እንዲህ ይላል፣ የታች ቤት እንዲህ ይላል እያለ ሐሳብን ለባለቤቱ ይሰጣል። በዚያ ሥርዓት የመምህሩ እውቀት የሚመሰከረው በሰው ነው። ያስተማረው ተማሪ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር፣ ያን ጊዜ መምህሩ ተጠቀሰ ይባላል። ይህን ቅርስ ይዘን፣ የአንድ የትምህርት ምሁርን ዋጋ ከሦስት ቁጥር ላይ ብቻ ማንበባችን የራሳችንን ሚዛን መርሳት ነው።

አንድ ጽሑፍ፣ ሺህ ስም

ሌላው ጉዳይ መስኮች እኩል አለመሆናቸው ነው። የዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ላንሴት በተሰኘው የሕክምና ጆርናል ላይ ሲወጣ ከመቶዎች አልፎ ከሺህ በላይ ስም የሚይዝበት ጊዜ አለ። ከእነዚያ ስሞች መካከል የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉበት፤ መኖራቸውም የሚያኮራ ነው፤ የአገራችን መረጃ ያለ እነርሱ አይተረጎምም። ነገር ግን ጽሑፉ በተጠቀሰ ቁጥር እያንዳንዱ ስም ሙሉውን ቁጥር ይወስዳል። ሺህ ሰው አንድ በሬ አርዶ እያንዳንዱ ሙሉ በሬ እንደወሰደ የሚመዘገብበት ሒሳብ ነው። ከዚያ ጎን የሥነ ልቦናው መምህር ብቻውን ወይም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ ይርጋጨፌ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ትምህርታቸውን ስለሚያቋርጡ ልጃገረዶች የጻፈው ጽሑፍ 11 ጊዜ ቢጠቀስ፣ በዝርዝሩ ላይ ከእግር በታች ነው። ሁለቱን በአንድ መሰላል ላይ ማቆም ለሁለቱም ፍትሕ አይደለም።

ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1968 በማቴዎስ ወንጌል ስም የሰየመው ሁኔታ እዚህ ላይ ይታያል፤ ላለው ይጨመርለታል። አስቀድሞ የታወቀ ስምና የታወቀ ተቋም ይበልጥ ይጠቀሳል። አገሪቱ በዩኒቨርሲቲዎቿ ልየታ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብላ የለየቻቸው ስምንት ናቸው፤ ዲላ ከስምንቱ ውስጥ የለም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነው የተወለደው፤ ኋላ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር አደገ፣ በ2006 ራሱን ቻለ። መምህርና ጤና፣ እነዚህ ሁለት የትውልድ ቃሎች ናቸው። የዲላን ምሁር ስንመዝን መነሻ መሆን ያለባቸውም እነርሱ ይመስሉኛል።

የወናጎው ክፍል

ከዲላ ጥቂት አለፍ ብሎ ወናጎ አለ። በዚህ ወረዳ ገጠር ውስጥ በሚገኙ አራት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ 864 ተማሪዎችን ያቀፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በታወቁ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ታትሟል። ጥናቱን የመሩት የዲላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሲሆኑ ሥራው በኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና በደቡብ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የተደገፈ ነበር። የሕፃናቱ ሰገራ ተመረመረ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሆድ ትል ነበረባቸው። ደማቸው ታየ፤ ቁመታቸው ተለካ፤ ቆዳቸው ለእከክ፣ ለጭርትና ለሙጀሌ ተፈተሸ። ከትምህርት ቤት መቅረታቸውም ተጠና።

ሙጀሌ ምን እንደሆነ የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከአፈር ውስጥ የምትገባ ኢምንት ቁንጫ ናት። ጣት ጥግ ላይ፣ ጥፍር ሥር፣ ተረከዝ ላይ ትቀበራለች፤ ታሳክካለች፣ ከዚያ ታብጣለች፣ በመርፌ ወይም በእሾህ ስትወጣ ቀዳዳ ትታ ትሄዳለች። ጫማ የሌለው ልጅ በዚያ እግር ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን እግሩን ነው የሚያስበው። ነጋ ጠባ የሚቀርም አለ። መምህሩ «ሰነፍ» ብሎ በመዝገቡ ቀይ ምልክት ያደርግበታል።

ይህ ጥናት በእኔ ዓይን የትምህርት ጥናት ነው። የተመራማሪዎቹ የስታቲስቲክስ ዘዴ ልጁን በክፍሉ ውስጥ፣ ክፍሉን በትምህርት ቤቱ ውስጥ አድርጎ የሚያይ ነበር፤ የልጁ ችግር ምን ያህሉ የቤቱ፣ ምን ያህሉ የክፍሉ እንደሆነ ለመለየት። ጽሑፎቹ ይጠቀሳሉ፤ ዘዴውን የሚወዱ ይጠቅሱታል፣ በኬንያና በብራዚል ስለ ሆድ ትል የሚጽፉ ሊጠቅሱት ይችላሉ። ይህ መልካም ነው። ግን የወናጎ መምህር የዚያን ጥናት አንድ ገጽ በአማርኛ ወይም በጌዴኦፋ ቢያገኝ፣ በማግስቱ መዝገቡ ላይ ቀይ ምልክት ከማድረጉ በፊት የልጁን እግር ያያል። ያች አንድ ማየት በየትኛውም ኢንዴክስ ውስጥ የለችም። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ጥቅስ እርሷ ናት።

ያልተጠየቀ ልብ

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሏል። የጌዴኦ ዞን በ1999ኙ ቆጠራ 847,434 ሰው የነበረበት፣ በገጠር ሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሚባሉት የሚመደብ ነው። በጠበበ መሬት ላይ ያን ያህል ሰው ሲፈስ ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች መጠለያ ሆኑ። ልጆች ፊደል የቆጠሩበት ክፍል ውስጥ እናቶች ምንጣፍ አነጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ አንድ ጥናት፣ በጌዴኦ ከተጠየቁት ተፈናቃዮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል።

እንዲህ ያለው ጥናት እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት እንይ። መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ለሌላ አገር ሰው የተሰናዳ ነው። ወደ አማርኛ ይተረጎማል፣ ከዚያም ወደ ጌዴኦፋ፤ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ የተጣመመ ካለ ይቃናል። መረጃ ሰብሳቢዋ ከተፈናቃዪዋ እናት ፊት ትቀመጣለች። «ያን ነገር እንዳያስታውሱ የሚሸሹት ነገር አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ለመልሱ አምስት ቦታ አለ፤ ምንም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ፣ እጅግ ብዙ። እናቲቱ ግን ስለ ጠፋ ልጇ ማውራት ትጀምራለች። መረጃ ሰብሳቢዋ ታዳምጣለች፣ ከዚያም ከአምስቱ አንዱን ታከብባለች። ያ ክብ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ሆኖ በሠንጠረዥ ይቀመጣል።

የሥነ ልቦና ሳይንስ የሰውን ልጅ የሚያውቀው በዋነኛነት ከጠባብ ክበብ ነው። ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ ስድስት የአሜሪካ ዋና ዋና የሥነ ልቦና ጆርናሎችን መርምሮ፣ የጥናት ተሳታፊዎቹ 68 በመቶ አሜሪካውያን፣ 96 በመቶ ደግሞ ከበለጸጉት የምዕራብ አገሮች መሆናቸውን አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ ይህንኑ አስፍተው፣ ያ ጠባብ ክበብ የሰው ልጅ ወካይ ከመሆን ይልቅ ለየት ያለው መሆኑን ተከራከሩ። እንግዲህ የዲላው ሥነ ልቦና ምሁር ለዓለም ያለው ዋጋ ይህ ነው። ጌዴኦዎች በባህላዊው ሸንጎ በሶንጎ ተሰብስበው ጠብ የሚያበርዱበትን መንገድ፣ በሐዘን ቤት ሰው ሰውን የሚያጽናናበትን ቃል፣ የተፈናቀለ ሰው «ልቤ ተሰበረ» ሲል የሚናገረው ከመጠይቁ የትኛው ጥያቄ ጋር እንደሚገናኝ እርሱ ካላጠናው ማንም አያጠናውም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል።

ቆጠራው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋዋል። ብዙ እንዲጠቀስ ከፈለገ ብዙ ሰው የሚያውቀውን መጠይቅ፣ ብዙ ሰው የሚጽፍበትን ርዕስ መምረጥ ያዋጣዋል። የሶንጎን ሥርዓት አምስት ዓመት ከማጥናት፣ የታወቀ መጠይቅ ለ400 ተማሪ በትኖ በአንድ ወር ሰብስቦ ማሳተም ይቀላል። በዚህ በምሁሩ አልፈርድበትም። የደረጃ ዕድገቱ፣ ደመወዙ፣ የልጆቹ ኑሮ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ሚዛኑን ያዘጋጀነው እኛ ነን፤ እርሱም የሚጭነው ሚዛኑ የሚቆጥረውን ነው።

መለኪያ ግብ ሲሆን

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ዛሬ በስሙ ሕግ ተብሎ ይጠራል፤ አንድ መለኪያ ግብ ከተደረገ መለኪያነቱ ይቀራል። በፈረንሳይ የግሬኖብሉ ሲሪል ላቤ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን በሥራ አሳየ። አይክ አንትካሬ የሚባል፣ በምድር ላይ የሌለ ምሁር ፈጠረ። በኮምፒውተር የተቀናበሩ ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን በስሙ አወጣለት፤ እርስ በርሳቸውም እንዲጠቃቀሱ አደረገ። የሌለው ሰው ኤች ኢንዴክስ 94 ደረሰ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎችን እየለየ ዝርዝር ማውጣት ጀምሮ ነበር። የእነዚህ ጆርናሎች ወጥመድ ከሁሉ በላይ የሚይዘው አማካሪ ያጣውን፣ የደረጃ ዕድገት ቀኑ የደረሰበትን የታዳጊ አገር ወጣት መምህር ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ ይከፍላል፣ የለፋበት ዳታ በማይታመን ቤት ይቀበራል።

ተገቢ ክርክር ግን መስማት አለብን። ቁጥር ባይኖር ምን ነበር? ዘመድ ዘመዱን የሚሾምበት፣ አለቃ የወደደውን የሚያሳድግበት አሠራር ነበር። ከትንሽ ከተማ፣ ያለ ደጋፊ የመጣ ወጣት ተመራማሪ «ይኸው ሥራዬ፣ ይኸው የጠቀሱኝ» ብሎ ራሱን የሚያሳይበት መንገድ አገኘ። ስለ ጌዴኦ የጻፈውን አንድ የማያውቀው ሰው ኖርዌይ ወይም ሕንድ ሆኖ መጥቀሱን ማየት ብርታት ይሰጣል። ይህ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ይጣል የሚል ሰው ይህን ያጣል። የምለው ቁጥሩ ምስክር ይሁን፣ ዳኛ ግን አይሁን ነው። ምስክር አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ በአገራችን ሕግም በሽምግልናም ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን።

እንዲህ የምናስበው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰባሰቡ የጆርናል አዘጋጆችና ተመራማሪዎች የአንድን ሰው ሥራ በጆርናሉ ቁጥር መመዘን እንዲቆም የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ። በ2015 ደግሞ የላይደን ማኒፌስቶ የተባለው አሥር ነጥብ ያለው ሰነድ፣ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ ይደግፍ እንጂ አይተካው፣ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርም ይጠበቅ አለ። ይህን ሐሳብ ለማቀንቀን ከዲላ ይልቅ ምክንያት ያለው ማን አለ?

ላም አለኝ በሰማይ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ቁጥር የትምህርት ምሁራንን ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይከታል። በእነዚያው ዓመታት ስለ መምህራን ተነሣሽነት፣ ስለ ክፍል ጥበት፣ ስለ ንባብ ክህሎት፣ ስለ ፈተና ጭንቀት የተጻፉ የአገራችን ምሁራን ጽሑፎች በየጆርናሉ ወጥተዋል። እርስ በርስም ተጠቅሰዋል። ትምህርት ቤቱ ግን አላያቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው የአበው ንግግር የሚገጥመው እዚህ ነው።

እንዲህ የማይሆንበት መንገድ እንዳለ የሚያሳይ የአገር ምሳሌም አለን። በልዩ ፍላጎት ትምህርት የታወቁት ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2030 የሚደርሰውን የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ አዘጋጀ። በጆርናል የወጣ ጽሑፍ አይደለም። ነገር ግን ስምንት ዓመት የነበረው አንደኛ ደረጃ ስድስትና ሁለት ተብሎ እንዲከፈል፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት እንዲመለስ መንገድ የከፈተ ሰነድ ነው። ሰው ሊስማማበትም ሊከራከረውም ይችላል፤ የኢትዮጵያ ተማሪ ሁሉ ግን በሕይወቱ አግኝቶታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በጌዴኦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም መጠለያ መረጃ የሰበሰበ ማንኛውም ተመራማሪ ጽሑፉ ሲታተም የሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በጌዴኦፋ ይጻፍ፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና መረጃ ለሰጠው ትምህርት ቤት ያድርስ። ሁለተኛ፣ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ለዚያ ሰነድ ነጥብ ይስጥ፤ ነጥብ የሌለው ሥራ በምኞት ብቻ አይሠራም። ሦስተኛ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀችው የከፍተኛ ትምህርት ክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ የምርምር ጽሑፎችና ዳታ በብሔራዊው ዲጂታል ቋት እንዲቀመጡ ይጠይቃል፤ ይህ በተግባር ይዋል። መምህሩ ስለ ገዛ ክፍሉ የተጻፈውን ለማንበብ በዶላር መክፈል የለበትም። አራተኛ፣ መምህራን የመለያ ቁጥራቸውን ያውጡ፣ ስማቸውን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይያዙ፤ መቆጠር ካለ በትክክል መቆጠር መብታቸው ነው። አምስተኛ፣ ምሁር ከምሁር ሲወዳደር ሥነ ልቦና ከሥነ ልቦና፣ ትምህርት ከትምህርት ጋር ይሁን፤ ስንተኛ ስም ሆኖ እንደጻፈና ምን እንደሠራ ይታይ።

በመጨረሻ ወደ ሁለቱ ሚዛኖች ልመለስ። የጌዴኦ ገበሬ ለዘመናት ያመረተውን ቡና ዓለም ሲጠጣው፣ እርሱ ከሚጣፍጠው ምርጥ ፍሬ የሚቀርለት ጥቂት ነው። በምርምሩ ላይ ይህ እንዳይደገም እፈራለሁ። ከወናጎ ልጅ ደም ተወስዷል፤ ከተፈናቃዪዋ እናት ቃል ተወስዷል፤ ከመምህሩ ሰዓት ተወስዷል። እነዚህ ሰዎች የፈቃድ ቅጽ ላይ ፈርመው የሰጡት እውነታቸውን ነው። የሚቀጥለው የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ በዲላ ሲቀመጥ፣ የምሁሩን ማኅደር ከፍቶ «ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?» ማለቱን ይቀጥል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማኅደሩን ሳይዘጋ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «መረጃውን ለሰጡት ምን መለስክላቸው?» ይበል። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ያለው ምሁር፣ ኤች ኢንዴክሱ ምንም ይሁን ምን፣ እኔ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ቀድሜ የምፈርመው ለእርሱ ነው።